በማሳው ጫፍ የነበረው ስልክ

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ወጣቶች አስቆሙኝ። ከተጋቡ ዓመት አልሞላቸውም። ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የሚውሉ ናቸው። «ጋሼ፣ እርስዎና ባለቤትዎ ድሮ አሚሾቹ ጋር ሄዳችሁ ያለ መብራት ኖራችኋል አሉ። እኛም ልንሞክረው ነው፤ ምን ይሉናል?» አሉኝ። አሚሾች አሜሪካ ውስጥ ከመስመር መብራትና ከመኪና ርቀው በገጠር የሚኖሩ ክርስቲያኖች ናቸው። እዚያው ልመልስላቸው አልቻልኩም። «እጽፍላችኋለሁ» ብዬ ወደ መኪናዬ ሄድኩ። ልጆቼ፣ ይሄው ጻፍኩ። ተመሳሳይ ሐሳብ ያላችሁ ሌሎችም አንብቡት።

እኔ የስልክ መሐንዲስ ነበርኩ። አዲስ አበባም፣ እዚህ አሜሪካም የኖርኩት በዚሁ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ዋሽንግተን አጠገብ ስንኖር ወገቤ ላይ ፔጀር ነበር፣ ለሥራ የሚጠሩኝ ትንሽ መሣሪያ። በእንቅልፍ ሰዓት ይጮሃል፣ ተነስቼ እሄዳለሁ። ባለቤቴ ነርስ ናት። እሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ። ቤታችን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ቴሌቪዥኑ ነበር። አንድ ቅዳሜ ፔንሲልቫንያ፣ ላንካስተር ካውንቲ ድረስ ነዳን። አንድ አባት ከልጁ ጋር በበቅሎ ሲያርስ አየን። መኪናውን አቁመን ብዙ ቆየን። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ሥራችንን ለቀን፣ ከአንድ የአሚሽ ገበሬ ማሳ ላይ ያለች ትንሽ ቤት ተከራይተን ገባን። ለአንድ ዓመት ያለ መብራት፣ ያለ መኪና፣ ያለ ስልክ ልንኖር ተስማማን። ተስማማን ልበል እንጂ ሐሳቡ የእኔ ነበር።

እኔ ገጠር ነው የተወለድኩት። በኩራዝ ነው ያጠናሁት። ጠዋት ስነሳ አፍንጫዬ ጥላሸት ብቻ ነበር፤ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገችልኝ ወደ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ስለዚህ ሚስቴን እኔ አስተምራታለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። እሷ አዲስ አበባ ነው ያደገችው። ግን በወር ውስጥ ቀደመችኝ። እንጀራውን በእንጨት ምድጃ ላይ አወጣችው። ከገበሬው ሚስት ጋር ጎመን ታሽጋለች፣ ቋንቋቸውን ሳይቀር ቃል በቃል ትለቅም ነበር። እነሱ እርስ በርስ የሚያወሩት ከጀርመንኛ የመጣ የራሳቸው ቋንቋ ነው። አሚሽ ያልሆነውን ሰው ሁሉ «እንግሊዝ» ይሉታል፣ እኛንም ጭምር። አንድ እሁድ ጸሎት ወሰዱን። ቤተ ክርስቲያን የላቸውም፤ በየሁለት ሳምንቱ በየተራ በሰው ቤት ነው የሚሰበሰቡት። አንዷን መዝሙር ሃያ ደቂቃ ያህል ይዘምሯታል። ባለቤቴ ጆሮዬ ላይ «ማኅሌት ይመስላል» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ኅዳር ላይ ከነሱ ጋር ትንባሆ ስንቆነጥር አመሸን። ቅጠሉ መጋዘን ውስጥ ተሰቅሎ ይደርቅና ከግንዱ ይቆነጠራል። ባለቤቴ ትንባሆ መንካት ከብዷት ነበር፤ ሃይማኖተኛ ሰው እንዴት ትንባሆ ያመርታል ትል ነበር። በኋላ ግን ለጨዋታው ስትል መጣች። አያት፣ ልጅ፣ ጎረቤት ሁሉ በአንድ ፋኖስ ዙሪያ ይቀመጣል። የእኛ ደቦ ማለት ነው። ጎተራ ቢቃጠልም እንዲሁ ነው፤ መንደሩ ወጥቶ ይሠራዋል። የኢንሹራንስ ነገር የላቸውም፤ እንደ እድራችን ይደጋገፋሉ።

አሚሾች ቴክኖሎጂ ይጠላሉ የሚባለው ስህተት ነው። የገበሬው ሚስት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነበራት፣ በተጨመቀ አየር የሚሠራ። ወተቱ በናፍጣ ሞተር ይቀዘቅዝ ነበር። ከመስመር የሚመጣ መብራት ግን የለም። መኪና አይገዙም፣ ሲቸግራቸው ከነሹፌሩ ይከራያሉ። አዲስ ነገር ሲመጣ አንድ ሰው ብቻውን አይወስንም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከቁርባን በፊት፣ ማኅበሩ በደንቡ ላይ ይነጋገራል። ዋናው ጥያቄያቸው ይሄ ነገር ከጎረቤቴ ያርቀኛል ወይ የሚል ነው። ስልክንም እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ ከቤት አስወጡት፣ ብዙ ጠብም አስነሳ፣ ተለያዩበትም። በኋላ ግን ለሐኪምና ለእሳት አደጋ ያስፈልጋል ተብሎ ከቤት ራቅ ብሎ በጋራ እንዲቀመጥ ተፈቀደ። በእኛም ማሳ ጫፍ እንደ ዘበኛ ቤት የጠበበች የእንጨት ክፍል ነበረች። ውስጧ አንድ ስልክ አለ። ብዙ ቤተሰብ ይጋራታል።

በገባን በሳምንቱ ገበሬው የስልኩን ቁጥር በእርሳስ ጽፎ ሰጠኝ። «ለአገር ቤት ሰዎቻችሁ ላኩላቸው» አለኝ። ባለቤቴም «ቢያንስ ለእማዬ እንላክላት» አለች። እኔ እምቢ አልኩ። ዕድሜ ልኬን ስልክ ስጠግን ኖሬ እዚህም ስልክ? «ከጀመርን አይቀር በደንብ እናድርገው፤ ደብዳቤ ይበቃል» አልኳት። ወረቀቱን ጃኬቴ ኪስ ከተትኩት። አሚሾቹ ራሳቸው የፈቀዱትን እኔ ከለከልኩ። ያውም የእኔን እናት አይደለም፣ የእሷን።

እ.ኤ.አ. በ1996 መጀመሪያ፣ በእኛ የገና ዕለት፣ ያ ታላቅ በረዶ ጣለ። ሁለት ቀን ያህል አላቆመም። መንገድ ተዘጋ። እኛ እሳት አጠገብ ቁጭ ብለን ቡና አፍልተን፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ያን ዕለት አማቴ አዲስ አበባ ጎረቤት ቤት ሄደው በድሮው ቁጥራችን ይደውሉ ነበር። ሁልጊዜም በገና ይደውላሉ። ቁጥሩ ተቋርጧል። ሦስት ጊዜ አስደወሉ፤ ሦስቱንም ጊዜ በእንግሊዝኛ የተቀዳ ድምፅ ነው የመለሰላቸው። በሳምንቱ ታመሙ። ብዙም አልቆዩም።

ጥር መጨረሻ ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ በር ተንኳኳ። አራት ጓደኞቻችን ከዋሽንግተን ሁለት ሰዓት ተኩል ነድተው መጥተዋል። ሐበሻ በዚያ ሰዓት ለምን እንደሚመጣ ባለቤቴ ታውቃለች። አንድም ቃል ሳይናገሩ ጮኸች። እናቷ ከተቀበሩ አሥራ ሁለት ቀን ሆኗቸው ነበር። የገበሬው ሚስት ፋኖስ ይዛ እየሮጠች መጣች። ከዚያ ሴቶቹ ማድቤቱን ተረከቡ፤ ወንዶቹ ወንበር አመጡ፣ እንጨት ፈለጡ። መጥተው ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። ለቅሶ ማንም አላስተማራቸውም። ሦስት ቀን አልተለዩንም። በሦስተኛው ቀን ገበሬው ወደ ውጭ ጠራኝና ቀስ ብሎ «ያን ቁጥር አልላካችሁላቸውም ነበር?» አለኝ። ጃኬቱን ለብሼው ነበር። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበረ።

መጋቢት ላይ ተመለስን። ባለቤቴ ስለዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገረችው። ዕቃ እየጫንን «ሦስት ጊዜ» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

እንግዲህ ምን ልበላችሁ? ፋኖስ አጠቃቀም፣ እንጨት አፈላለጥ፣ እሱን ትደርሱበታላችሁ። ይህን ደብዳቤ ስጀምር «አትሂዱ» ልል ነበር። አሁን ግን ያን የፋኖስ ማታ ሳስታውስ፣ ከባለቤቴ ጋር እንደዚያ ያወራንበት ጊዜ በትዳራችን የለም፣ ሂዱ ለማለት ይቃጣኛል። የዛሬ ልጆች አንድ የማይገባኝ ነገር አላችሁ። ስልክ የምትተዉት ብቻችሁን ነው፣ የምትይዙትም ብቻችሁን። አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣችሁ እያንዳንዳችሁ በየስልካችሁ ስትገቡ ሳይ ይከፋኛል። እኔም ያጠፋሁት እንደዚያው ነው፤ ለሁለት የሚኖር ነገር ብቻዬን ወሰንኩ። አሚሾቹ ጋር ያየሁት ግን ምክክር ነበር። አንተ ልጅ፣ በተለይ አንተን ነው የምለው፣ ሐሳቡ የማን ነው? የአንተ ከሆነ እሷ «ቢያንስ ይሄን እናስቀር» ስትልህ ስማት።

ትናንት ማታ ይህን ለባለቤቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ «የልጅቷ እናት የት ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዲስ አበባ ናቸው አልኳት። «ከመሄዳቸው በፊት ይደውሉልኝ በላቸው» አለች።