እንቁላል ስጪው ከማለታችሁ በፊት

ለአዲስ ተመራቂ ነርሶች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ገና ነጩን ጋዋን ለለበሳችሁ ልጆቼ፦

የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት ጤና ጣቢያ፣ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል ውስጥ ነው። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። አለቃችሁ አይደለሁምና ምክሬን ብትተዉትም ደመወዝ አይቆረጥባችሁም።

የከሳ ሕፃን ያዘለች እናት ፊታችሁ ስትቀመጥ «እንቁላል፣ ወተት፣ ካሮት ስጪው» ለማለት አትቸኩሉ። ታውቀዋለች። ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ በሬዲዮ ሰምታዋለች፣ ባለፈው ቀጠሮዋም ተነግሯታል። እናንተ ግን ቤቷ ምን እንዳለ አታውቁም።

ስለዚህ ጠይቋት። አጠያየቅም አለው ታዲያ። «የሚበላ አላችሁ?» ካላችኋት «ተመስገን» ትላለች፤ በተለይ ጎረቤቷ ወይም አማቷ አብራት ካለች። የቤተሰብን የምግብ ዋስትና ለመለካት በብዙ አገር የሚሠራበት መጠይቅ አለ። ስላለፉት 4 ሳምንታት 9 ጥያቄዎች ይጠይቃል። የሚጀምረው ከረሃብ ሳይሆን ከስጋት ነው፦ ምግብ እንዳያልቅባችሁ ሰግታችሁ ነበር ወይ ይላል። ቀጥሎ ወደ ምግቡ ዓይነት፣ ከዚያ ወደ መጠኑ ይሄዳል። መጨረሻው ቀንና ሌሊት እህል ሳይቀምሱ መዋል ማደር ነው። ችግርም ቤት የሚገባው እንደዚሁ ቀስ እያለ ነው። እንቁላሉ ይቀራል፣ ዘይቱ በማንኪያ ይሆናል፣ ሽሮው ይቀጥናል፣ ቁርስ ይዘለላል። ሰው ጦሙን ሲያድር ብቻ የምትደነግጡ ከሆነ በጣም ዘግይታችኋል።

እኔ የሚሻለኝ ስለ ትናንት ማታ መጠየቅ ነው። ምን ሠራሽ? እንጀራው ስንት ነበር? ማን ማን በላ? አንቺስ? ይህቺ «አንቺስ» የምትለዋ ጥያቄ ብዙ ታወጣለች። «እኔማ ቀማምሻለሁ» ካለቻችሁ አትለፏት። ለአባወራው ቀርቧል፣ ልጆቹ በልተዋል፣ እሷ ድስቱን ጠርጋ ቡና ጠጥታበታለች። ቡናው ረሃቡን ያስታግሳል፤ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ግን ሰውነት አይረን (ደም የሚሠራበትን የብረት ማዕድን) በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል። ደም ማነስ ላለባት ነፍሰ ጡር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ቡናውን ተዪ አትበሏት፣ አትተወውምም። ከምግቡና ከአይረን እንክብሉ አራርቂው በሏት።

የእኛው የምክር ካርድ ለነፍሰ ጡር በቀን አንድ፣ ለምታጠባ ሁለት ተጨማሪ ምግብ ይላል። ትክክል ነው። በቀን አንዴ ለምትበላ ሴት ግን ተጨማሪው በምን ላይ ነው? ልብስ አጥባ፣ የሰው ቤት እንጀራ ጋግራ ለምታድር ሴት መጀመሪያ የሚከፈለው የቤት ኪራይ ነው። አከራይ ነገ ና ቢሉት አይሰማም። ሆድ ግን ነገ ሲሉት ዝም ይላል።

እናም የሕፃኑን ክንድ ለክታችሁ ስትጨርሱ የእናትየውንም ለኩ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት እንዳለበት ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ግን ክንዷ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የምግብ እጥረት አለባት፤ የእሷ ልኬት መዝገቡ ላይ ባዶ ሆኖ ሲቀር ብዙ አይቻለሁ። «ጡቴ ደረቀ» ብላ የዱቄት ወተት ልትጀምር ስትልም ቶሎ አትስማሙ። የከሳች እናት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የሚበቃ ወተት አላት፤ ወተቱ ግን ከራሷ ገላ ነው የሚወጣው። መመገብ ያለባት እሷ ናት።

ምክር ዋጋ የለውም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከ5 ዓመት በታች ካሉ የአገራችን ልጆች 38 በመቶው ቀንጭረው፣ ማለትም ለዕድሜያቸው አጥረው ነበር። የተሻለ ኑሮ ካላቸው ቤቶች እንኳ ሩብ ያህሉ ልጆች ቀንጭረዋል። ስለዚህ ገንዘብ ብቻውን አይደለም። የጾም ወቅትን ውሰዱ። ሕፃኑ አይጾምም፤ ግን ዕቃው እንዳይነካካ ተብሎ ወተቱም እንቁላሉም ከቤት ይጠፋል። እዚህ ላይ ምክር ይሠራል። ለልጁ አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለብቻ ይለዩለት። ንስሐ አባቷን እንድታማክር ብትነግሯት ከእናንተ ይልቅ እሳቸውን ትሰማለች፤ ይሄ ደግሞ አያስከፋም።

ለከባድ የምግብ እጥረት የምንሰጠውን የለውዝ ቅባት፣ ፕላምፒ ነትን፣ በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። አንዷ እሽግ 92 ግራም ናት፣ 500 ካሎሪ። ሕፃኑ ክብደት ካልጨመረ ታላላቆቹ ተካፍለውለታል ማለት ሊሆን ይችላል። አራት ልጅ ባለበት ቤት ለአንዱ ብቻ ጣፋጭ ቀድዶ መስጠት እስቲ እናንተ ሞክሩት። ለሱቅ የሸጠችውም እናት ታጋጥማችኋለች። መቆጣት ምንም አይጠቅምም፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ አትመጣም። «ቤት ውስጥ ስንት ልጆች አሉ?» ብላችሁ ጀምሩ። ተቅማጥ፣ ትኩሳት፣ ቲቢም ክብደት እንዳይጨምር ይይዛልና እሱንም ሳታዩ አትለፉ።

የትምህርት ቤት ምገባ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ትምህርት ቤት አይሄድም። መቀንጨር ደግሞ ሥሩን የሚሰደው በዚያ ዕድሜ፣ ከፅንስ ጀምሮ ባሉት 1000 ቀናት ነው። ስለዚህ በእጃችሁ ያለውን ወረቀት አትናቁት። በሴፍቲኔት፣ ማለትም ድሃ ቤተሰብ የማኅበረሰብ ሥራ ሠርቶ ገንዘብ ወይም እህል በሚያገኝበት መርሐ ግብር፣ የታቀፈች ሴት እርግዝናዋ በጤና ባለሙያ ሲረጋገጥ ከማኅበረሰብ ሥራው ወጥታ ሳትሠራ የሚሰጥ ጊዜያዊ የቀጥታ ድጋፍ ታገኛለች። ያንን ማረጋገጫ የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። ስሟን እንደ መታወቂያዋ ጻፉ፣ ማኅተሙን አትርሱ፣ ያኔውኑ ስጧት። «ነገ ተመለሺ» ካላችኋት የአንድ ቀን ሥራ ይቀርባታል፤ የዚያን ቀን እራት ማለት ነው።