ሳይለካ ዕቃ አይቀየርም፦ የመኪና ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ሰላም ወዳጆች። የዚህን ወር ደብዳቤዎቻችሁን ሳነብ አንድ ነገር አንገበገበኝ። አብዛኞቹ ላይ መኪናው በቅጡ ሳይመረመር ዕቃ ተቀይሯል፣ ገንዘብ ወጥቷል፣ ችግሩ ግን እዚያው ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሎ፣ የመለዋወጫ ዋጋም ጣራ ነክቶ፣ በግምት ዕቃ የምንቀይርበት ጊዜ ላይ አይደለንም። ስለዚህ ዛሬ «ይህን ቀይሩ» ከማለቴ በፊት «ይህን እዩ፣ ያንን ለኩ» እላለሁ።

ጥያቄ፦ ኮሮላ አለችኝ፣ በፈረንጅ የ1998 ሞዴል። መንገድ ሲዘጋጋ ሙቀቷ ሽቅብ ይወጣል፣ ቀለበት መንገድ ላይ ስለቃት ይወርዳል። ውሃ ቶሎ ቶሎ እጨምራለሁ። አንዱ መካኒክ «ጓርኒሲዮኑ (የቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ተበልቷል፣ ቴስታታው ይውረድ» አለኝ። ሌላው «ቴርሞስታቱን (የውሃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋውን) አውጥተህ ጣለው» ይላል። ማንን ልስማ? (ከሳሪስ)

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም አትስማ። መልሱን ግማሽ በግማሽ አንተው ጽፈኸዋል እኮ። ቆማ የምትግል፣ ስትሮጥ የምትበርድ መኪና መጀመሪያ የምትጠረጠረው አየር በማጣት ነው። ስትሮጥ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያበርደዋል፤ ስትቆም ግን ያን ሥራ የሚሠራው ፋኑ ብቻ ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ቢሆን፣ ቆማ ደህና ሆና ዳገት ላይ የምትግል ብትሆን ኖሮ፣ የተደፈነ ራዲያተር ወይም የደከመ የውሃ ፖምፕ ወይም እንደተባለው ጓርኒሲዮን እል ነበር።

እንግዲህ ሞተሩን አስነስተህ እንደቆመ ተወው፣ ኮፈኑን ክፈትና ጠብቅ። የሙቀት መርፌው ግማሹን ሲያልፍ ፋኑ ካልተነሳ ሌባው ተያዘ። ከዚያ ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን መልሰህ ክፈተው ግን ሞተሩን አታስነሳ፣ የፋኑን የሙቀት ቡልቦ (ሞተሩ ሲግል ፋኑን የሚያስነሳውን) ሶኬት ንቀለው። በዚያ ዘመን ብዙ ቶዮታዎች ላይ ሶኬቱ ሲነቀል ፋኑ መዞር አለበት። ከዞረ የፋኑ ሞተርም ሪሌውም ፊውዙም ደህና ናቸው፣ የሚጠረጠረው ቡልቦው ነው። ካልዞረ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ሪሌውን፣ መጨረሻ ላይ የፋኑን ሞተር እይ። እጅህን ከፋኑ አርቅ፣ ሳይታሰብ ይነሳል።

አሁን ደግሞ ማንም ዞር ብሎ ወደማያየው ዕቃ ልውሰድህ፣ ወደ ራዲያተሩ ክዳን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ግድም ላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 ግድም ላይ ነው። የሞተርህ ጤናማ ሙቀት ደግሞ እዚያው 90 አካባቢ ነው፣ ቴርሞስታቱ ራሱ 82 ግድም ላይ ነው መከፈት የሚጀምረው። ታዲያ በየመንገዱ መኪናው ሁሉ የማይፈላው ለምንድን ነው? ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታገኛለህ፤ ያን ያህል ግፊት አምቆ ሲይዝ ውሃው እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ሞላው ከላላ ግን ያ ሁሉ ጥበቃ ይቀርና ሞተርህ በደህና ሙቀቱ እያለ ውሃው ይፈላል፣ በእንፋሎት ይወጣል፣ አንተም ውሃ እየጨመርክ ትኖራለህ። ጂቡቲ ወደብ ላይ ብዙም የማይታወቅ የክዳን ድክመት ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ጉድ ያፈላል።

ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ፍታው። (ሲግል በጭራሽ አትንካው፣ ፊትህን ያቃጥልሃል።) ከታች ያለውን የጎማ ቀለበት በጥፍርህ ጫን አድርገው፤ ድንጋይ ከሆነ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ዙሪያው ላይ የተቆረጠ ምልክት ካለው አለቀለት። መሐል ያለችውን ትንሽ ቫልቭ ሳብ አድርጋት፣ ስትለቃት ተመልሳ መግጠም አለባት። ክዳን በዚህ ሁሉ ውስጥ በጣም ርካሹ ዕቃ ነው። ስትገዛ ግን ያው ቁጥር ይሁን፣ ከፍ ያለ ግፊት ያረጀ ራዲያተር ይቀድዳል።

ቴርሞስታት ማውጣቱን ተወው። ይህ ምክር ከተማችን ውስጥ ስንት ሞተር እንደጎዳ! ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ ሙቀቱ ላይ በጊዜ አይደርስም፣ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ ይቆሽሻል። ከተጠረጠረ ፍታውና ውሃ ውስጥ ጥደህ ሲከፈት በዓይንህ እየው። ካልከፈተ አዲስ ግዛ።

ጓርኒሲዮኑም ቢሆን የሚለካ ነገር ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍተህ አስነሳ፤ አየሩ ከወጣም በኋላ አረፋ ሳያቋርጥ ቡልቅ ቡልቅ ካለ፣ የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካለ፣ ወይም በጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ እየበዛ ከመጣ ጥርጣሬው እውነት ሊሆን ይችላል። ያኔም «ይውረድ» ከማለት በፊት የራዲያተሩን አየር የሚመረምር ፈሳሽ አለ፣ የሞተሩ ጋዝ ካገኘው ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ይለወጣል። እሱ ያለው ጋራዥ ፈልግ። ሁሉም ደህና ሆኖ ውሃው አሁንም ከጎደለ ደግሞ በቱቦዎቹ ወገብና በውሃ ፖምፑ ሥር የደረቀ ዝገታማ መንገድ ካለ እይ። የቧንቧ ውሃውንም አቁም። ኩላንት ግማሽ በግማሽ ከዲስቲልድ ውሃ ጋር ቀላቅለህ ሙላ፣ ዝገቱንም ያቆማል።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ ከደጀን በኋላ አባይ በረሃን እየወረድን ፍሬኑ መጀመሪያ ሸተተ፣ ከዚያ ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች ገባብኝ። በፈጣሪ ተረፍን። ድልድዩ ጋ አርፈን ስንነሳ ተመልሶ ደህና ሆነ። መካኒክ «የፍሬን ፖምፓ ነው» ብሎ ውድ ዕቃ አዘዘኝ። መኪናዬ ቪትዝ አውቶማቲክ ናት። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እንኳን ተረፋችሁ እህቴ። በርዶ የተመለሰ ፍሬን ብዙ ጊዜ የፖምፓ በሽታ የለበትም። የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይመጥጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ይችላል፤ ውሃ ሲጠጣ 140 ላይ ይፈላል። ዶት 4 አዲስ ሳለ 230፣ ሲያረጅ 155 ነው። ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሙሉውን ፍሬን እየረገጥሽ ስትወርጂ ዲስኩ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ዘይቱ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፣ ስለዚህ እግርሽ ይገባል እንጂ ፍሬኑ አይዝም።

ፖምፓውን ለመለየት መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ ፍሬኑም ቀዝቅዞ ሳለ ፔዳሉን ረግጠሽ ያዢው። ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠና የሚያፈስ ቦታ ከሌለ ያኔ ፖምፓ ነው። ባለበት ከጸና ግን ገንዘብሽን አታውጪ። ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አስቀይሪ፣ አየሩንም ከአራቱም ጎማ ያስወጡልሽ። በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት። ሸራውንም አውጥተው ያሳዩሽ፣ እንዲያ ከጋለ በኋላ ፊቱ እንደ መስታወት ሊያብለጨልጭ ይችላል፣ እንደዚያ ከሆነ አይዝም።

አነዳዱን በተመለከተ ደግሞ በዲ አትውረጂ። ማርሹን እንደ መኪናሽ ወደ ኤስ፣ ቢ ወይም ኤል አውርጂው፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ይጩህ፣ እሱ ነው የሚይዝሽ። ፍሬኑን ሁልጊዜ ለስለስ አድርገሽ አትጎትቺው፤ ጠንከር አድርገሽ ፍጥነቱን ቀንሺና ልቀቂው፣ አየር ያግኝ። ቤንዚን ለመቆጠብ ብለው በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) የሚወርዱ ሾፌሮች አሉ፣ እለምናችኋለሁ አታድርጉት። የአሁኑ ኢንጀክሽን ሞተር ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ቤንዚኑን ራሱ ይዘጋል፣ በፎሌ ግን እንዳይጠፋ ማቃጠል አለበት። ትርፉ ሞት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ጡረተኛ ነኝ፣ መኪናዬን በሳምንት አንዴ ለቤተ ክርስቲያን ነው የማነሳት። ባትሪ ደጋግሜ ቀየርኩ፣ አዲሱም ወር ሳይሞላ ይሞታል። ሻጮቹ የማይረባ ባትሪ እየሰጡኝ ይሆን? (ከአዳማ)

መልስ፦ አባቴ፣ ባትሪዎቹ ደህና የነበሩ ይመስለኛል። አንድ ርካሽ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይግዙ ወይም ልጆቹ ያምጡልዎ። መኪናው ሲያድር ጠዋት ሳይነሳ ባትሪውን ይለኩት። 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ ነው። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው ይለኩ፤ ከ13.8 እስከ 14.5 መካከል ከሆነ ዲናሞው እየሞላ ነው። 12 ላይ ከቀረ ዲናሞው ወይም ቺንጋው ነው፣ 15ን ካለፈ ደግሞ እየቀቀለው ነው።

ዲናሞው ደህና ከሆነ የቀረው ሌሊት የሚበላ ነገር መኖሩ ነው። በኋላ የተገጠመ ቴፕ፣ አላርም፣ ጂፒኤስ፣ ወይም የዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ሳይጠፋ የሚያድር አምፖል። ኤሌክትሪሺያኑ ቁልፉ ተዘግቶ መኪናው ከተኛ በኋላ አምፔሩን ይለካ፤ ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ ከሆነ ፊውዝ አንድ በአንድ እየነቀለ የትኛው ላይ እንደሚወርድ ያየዋል። የማሳውንም (የባትሪውን ኔጌቲቭ) ገመድ ያስፈትሹ፣ ጫፉ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ካለ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ታጥቦ ይጥበቅ።

ሁሉም ነገር ደህና ቢሆን እንኳ፣ በሳምንት አንድ አጭር መንገድ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) የወሰደውን አይመልስም። ቤትዎ ትንሽ የባትሪ ቻርጀር ይግዙ። ሌላ ባትሪ ከመግዛት ይረክሳል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ሰው በማመላለስ ነው የምተዳደረው። የ2020 ካምሪዬ ቼክ ኢንጅን አበራ፣ ኮዱ ፒ0420 ነው። ካታሊቲክ (የጭሱን መርዝ የሚያጣራውን ዕቃ) ቀይር ተባልኩ፣ ዋጋው አስደነገጠኝ። 74 ሺህ ማይል ሄዳለች። ኮዱን አጥፍቼ ምርመራ ብወስዳትስ?

መልስ፦ ዛሬውኑ ስልክ አንሳ! አሜሪካ ውስጥ ካታሊቲክ ኮንቨርተር በፌዴራል ሕግ 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል፣ ቀድሞ እስከደረሰው ድረስ ዋስትና አለው። ሁለተኛ ባለቤት ብትሆንም መኪናውን ተከትሎ ይሄዳል። ለአንተ ደግሞ በሥራህ የቀረህ 6 ሺህ ማይል ምንም ማለት አይደለም። መጀመሪያ ለኩባንያው ወኪል አሳያት፣ የተባለውንም በጽሑፍ ተቀበል።

ኮዱን ማጥፋት አይረዳም። ሲጠፋ የመኪናው የራስ ምርመራ መዝገብ አብሮ ይጠፋል፣ ሜሪላንድ ቬይፕ የሚባለው የጭስ ምርመራ ላይ «ገና አልተዘጋጀችም» ብለው ይመልሱሃል። ዋስትናው ባይሠራም በቀጥታ ካታሊቲክ አትግዛ፤ ማርሚታው መስመር ላይ የሚያፈስ ቦታ ካለ፣ የኋላው ኦክስጅን ሴንሰር ካረጀ፣ ወይም ሞተሩ ዘይት ከበላ ያው ኮድ ይመጣል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ጋዝህን ቀንስና ዳር ያዝ። ያ ማለት ሲሊንደር ውስጥ ያልተቃጠለ ቤንዚን ካታሊቲኩን እያቃጠለው ነው።

ጥያቄ፦ ቪትዜ መብራት ላይ ማርሽ ገብታ ፍሬን ይዤ ስቆም ትንቀጠቀጣለች። (ከሃዋሳ)

መልስ፦ በፈረንጅ ከ2005 ወዲህ የወጣችው ሁለተኛዋ ትውልድ 1.0 ሊትሯ ከሆነች ሦስት ሲሊንደር ናት፣ ትንሽ መርገብገብ ተፈጥሮዋ ነው። ድንገት ከባሰ ካንዴላዎቹን፣ ኮይሎቹን፣ የትሮትሉን ቆሻሻ፣ መጨረሻ የሞተር ጎሚኒዎቹን እይ። ቼክ ኢንጅኑ የአንደኛውን ሲሊንደር ኮድ ከሰጠ፣ ኮይል ከመግዛትህ በፊት የአንዱን ከሌላው ጋር አቀያይር፤ ኮዱ ተከትሎት ከሄደ ያኔ ግዛ።

ጥያቄ፦ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛን። ለሳምንታት ክፍለ ሀገር ቆይተን ስንመለስ በሩ እንኳ አልከፍት አለ፣ ስናቆማት ባትሪዋ 60 በመቶ ነበር። ትልቁ ባትሪ ሞቷል ማለት ነው? (ከሰሚት)

መልስ፦ አይዟችሁ፣ ትልቁ ባትሪ አይመስለኝም። የኤሌክትሪክ መኪናም እንደ ሌላው 12 ቮልት የሆነች ትንሽ ባትሪ አላት። በሩን፣ ኮምፒውተሩን፣ የትልቁንም ባትሪ ማገናኛ የምታነቃው እሷ ናት። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናዋ አትነቃም። ሪሞቱ ውስጥ ተሰክታ ያለችውን ትንሿን ቁልፍ አውጥታችሁ በሩን በእጅ ክፈቱ፣ ትንሿ ባትሪ የት እንዳለች ከመኪናዋ መመሪያ እዩ፣ በ12 ቮልት ቻርጀር ሙሏት። ብርቱካናማ ቀለም ያለውን ገመድ ማንም እንዳይነካው፣ የሰፈር ኤሌክትሪሺያንም ቢሆን፤ እሱ ውስጥ ያለው ቮልት ይገድላል።

ሞልታችሁ ስትነቃ ትንሿን ባትሪ በቴስተር ለኩ። ቮልቱ ከፍ ብሎ ከያዘ ተኝታ ስለቆየች ነው። መኪናዋ ነቅታ ሳለች ቁጥሩ ከ12.6 እየወረደ ከሄደ ግን ከትልቁ ወደ ትንሿ የሚሞላው ክፍል አይሠራም፣ በዋስትናችሁ ወደ ሻጩ መልሷት።