ሲንኩን ከመግዛትሽ በፊት ሮቶሽን እዪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ኮንዶሚኒየም ነው፣ የመጨረሻው አራተኛ ፎቅ፣ ውሃ በፈረቃ፣ ኩሽናው ከነካቢኔቱ ሊታደስ ነው። ባለ አንድ ጎድጓዳ ሲንክ ይሻላል ባለ ሁለት? ስቴንለስ ስቲል ወይስ ያ ጥቁሩ ግራናይት የሚሉት? ተስቦ የሚወጣው ሚክሰርስ (ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ የሚቀላቅለው ቧንቧ) ያዋጣል? ብለሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ብዙዎቹ ፎቶ ልከውልሻል። ፎቶው ያምራል። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ግን ፎቶ ላይ አይታይም።

እኔ ባለሙያ አይደለሁም። የራሴንና የእናቴን ኩሽና አሳድሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ሁሉ «አንተ ታውቃለህ» እያለ ዕቃ ሊገዛ ሲል መርካቶና ተክለሃይማኖት ያዞረኛል። ደሞዝ የሌለው ሥራ ሆኖልኛል።

ሰው ሁሉ ከሲንኩ ይጀምራል። አንቺ ከቧንቧው ጀምሪ። እሱንም ከሱቅ ሳይሆን ከጣራው።

ከሮቶ የሚወርድ ውሃ ጉልበቱ ከፍታው ነው። ሮቶው ከቧንቧው 10 ሜትር ያህል ከፍ ካለ አንድ ባር ግፊት ታገኛለሽ፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። አንቺ ግን የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነሽ። ሮቶው ካንቺ ቧንቧ ሦስት ሜትር ቢርቅ ነው። ስለዚህ ያለሽ ግፊት 0.3 ባር አካባቢ ነው። ምድር ላይ ያለችው ጎረቤትሽ ከዚያው ጣራ ላይ ካለ ሮቶ ከአንድ ባር በላይ ይደርሳታል። እሷ «በጣም አሪፍ ነው» ያለችሽ ሚክሰር ያንቺ ቤት ሲገባ ጭል ጭል ሊል የሚችለው ለዚህ ነው። ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም።

ተስቦ የሚወጣው ሚክሰር በሆዱ ቀጭን ቱቦ አለው፣ ውሃ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ አለው፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ራስ አለው። ሁሉም ግፊት ይበላሉ። አብዛኞቹ ቢያንስ ግማሽ ባር ይፈልጋሉ፣ አንድ ባር የሚሉም አሉ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ተጽፏል፣ ሻጩ ሳይጥለው አንብቢው። የግፊት ፓምፕ ካለሽ ሌላ ወሬ ነው። መብራት ሲሄድ ግን ተመልሰሽ ያው ሮቶሽ ላይ ነሽ።

ለመወሰን የሚረዳሽ ቀላል ነገር ልንገርሽ። የመስመር ውሃ በሌለበት ቀን፣ ከሮቶ ብቻ፣ አሁን ያለውን የኩሽና ቧንቧ ሙሉ ለሙሉ ክፈቺና 10 ሊትር ባልዲ ሙዪበት። በስልክሽ ሰዓት ያዢ። ከሁለት ደቂቃ በላይ ከፈጀ ተስቦ የሚወጣውን እርሺው። አንገቱ ረጅም፣ የሚዞር፣ ውስጡ ሰፋ ያለ ተራ ሚክሰር ይበቃሻል። ጫፉ ላይ ያለችውን ወንፊት ብትፈቺያት ደግሞ ትንሽ ውሃ ትጨምርልሻለች።

አንገቱ ረጅም ይሁን ያልኩት ለውበት አይደለም። ውሃ ሲመጣ ጀሪካን ትሞያለሽ አይደል? ባለ 20 ሊትሯ ቢጫ ጀሪካን ቁመቷ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ሲንኩ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ካለውና የቧንቧው አፍ ከሲንኩ ጠርዝ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ ጀሪካኗ ቀጥ ብላ ከሥሩ ትገባለች። አጭር ከሆነ አጋድመሽ፣ ግማሽ ሞልተሽ፣ በጆግ ስትጨምሪ ትኖሪያለሽ። ቤታችን በዚህ ስንት ጭቅጭቅ ነበር!

የሚክሰሩን ጥራት በእጅሽ መዝኚው። ነሐስ የሆነው ከበድ ይላል። ዚንክ ወይም ፕላስቲክ ሆኖ ላዩ ብቻ የተለበጠው ይቀላል፣ የሚታሰርበት ጥርስም ቶሎ ይበላል። አንድ ዓይነት መልክ ያላቸውን ሁለት ሚክሰሮች በግራና በቀኝ እጅሽ ብትይዢ ልዩነቱ ወዲያው ይገባሻል። ከዚያ ሻጩን «ካርትሪጁ ለብቻው ይሸጣል?» ብለሽ ጠይቂው። ካርትሪጅ ማለት እጀታው ሥር ያለው፣ በሴራሚክ ሳህን ውሃ የሚከፍትና የሚዘጋው ክፍል ነው። ፈረቃ ጠብቆ የሚመጣ ውሃ መጀመሪያ ላይ ቡናማ ሆኖ፣ አሸዋና ዝገት ይዞ ነው የሚመጣው። ያ አሸዋ ሳህኑን ይቧጭረዋል፣ ከዚያ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ሚክሰሩ ሙሉ ደህና ሆኖ በዚህች ትንሽ ዕቃ ምክንያት የሚጣል ስንቱ ነው። ብዙዎቹ 35 ወይም 40 ሚሊ ሜትር ስለሆኑ መለዋወጫ ይገኛል። እኔ ብሆን በዚያው ቀን አንድ ትርፍ ገዝቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሲገጠምም ቧንቧ ሠራተኛው መስመሩን ለጥቂት ደቂቃ ባልዲ ውስጥ ያፍስሰው፣ ከዚያ ሚክሰሩን ይሰር። የፒፒአር (የፕላስቲኩ የውሃ ቱቦ) ፍርፋሪው ራሱ ካርትሪጅ ይገድላል።

ሌላም የፈረቃ ጣጣ አለ። ሮቶው ባዶ ሆኖ ቧንቧው ይከፈታል፣ ምንም አይወርድም፣ እንደተከፈተ ይረሳል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃው ይመጣል። እኛ ሕንፃ ላይ አንድ ቤት እንዲህ ሆኖ፣ ሲንኩ ውስጥ ሰፍነግ ቀዳዳው ላይ ተለጥፎ ነበር። ጠዋት ከሥር ያሉት ሰዎች ጣሪያቸው ላይ ቀለሙ አብጦ አገኙት። ሽምግልናው ረጅም ነበር። ስለዚህ ሲንክ ስትመርጪ ከላይ ከጠርዙ ሥር ትርፍ ውሃ የሚያስወጣ ቀዳዳ ያለውን ምረጪ። ሙሉ የተከፈተ ቧንቧ ባይችል እንኳ ጊዜ ይሰጥሻል።

አሁን ወደ ሲንኩ። ባለ ሁለት ጎድጓዳው ለእኛ ቤት አልተሠራም እላለሁ፣ የሚቀየመኝ ይቀየመኝ። የእንጀራ ትሪ አስቢ። ትልቁ ድስት፣ የሊጡ ባልዲ፣ የበዓል ብረት ድስት። ባለ ሁለቱ ሲንክ እያንዳንዱ ጎድጓዳ 35 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ትሪው በሰያፍ እንኳ አይገባም፣ ግማሹ ውጪ ቀርቶ ውሃውን ወለል ላይ ያፈሰዋል። ስለዚህ ሱቅ ስትሄጂ ቤት ያለውን ትልቁን ትሪ ለክተሽ ሂጂ። ትሪውን ራሱን ብትይዢ ደግሞ የተሻለ፣ ሻጩ ይስቅ። አንድ ሰፊ ጎድጓዳ፣ 50 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ፣ ጎኑ ላይ ማንጠፍጠፊያ ያለው፤ የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። ሁለተኛው ጎድጓዳ የሚሠራውን ሥራ አንድ ሳፋ ይሠራልሻል፣ ሲበቃሽ ታነሺዋለሽ።

ጥልቀቱን አታብዢው። ከ20 እስከ 22 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። 25 የሚሆኑት ያምራሉ፣ ግን አጭር ሰው ሲያጥብባቸው ወገቡን ይይዘዋል። ቤት ውስጥ ዕቃ በብዛት የሚያጥበው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ እሷን አቁመሽ ለኪ።

ስቴንለስ ስቲል ወይስ ጥቁሩ? ስቲል። ጥሩው 304 የሚባለው ነው፣ 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ገደማ ያለው። ርካሹ 201 ይባላል፣ ኒኬሉ ተቀንሶ ማንጋኒዝ ተጨምሮበታል፣ ቶሎ ነጠብጣብ ያወጣል። ሻጮች ማግኔት አውጥተው «ይኸው አይስብም፣ ኦሪጅናል ነው» ይሉሻል። 201ም ማግኔት አይስብም! ማግኔት የሚለይልሽ 430 የሚባለውን ዝቅተኛውን ብቻ ነው። ላዩ ላይ የተለጠፈው «304» የሚል ወረቀትም ወረቀት ነው። እኔ የማየው ውፍረቱን ነው። ሆዱን በአውራ ጣትሽ ጫን አድርጊው፤ ከገባልሽ ተይው። አንድ ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ አይነቃነቅም። አንዳንዱ ጠርዙ ታጥፎ ወፍራም ይመስላል፣ ሆዱ ግን ስስ ነው። ከሥሩ ደግሞ ጥቁር ጎማ የተለጠፈበት ከሆነ ማንኪያ ሲወድቅ ቤቱ አይናጋም።

ጥቁሩ የድንጋይ ዱቄትና ሙጫ ድብልቅ ነው። መጥፎ ዕቃ አይደለም። ግን ውሃው ኖራ ካለው ነጭ ነጩ ጥቁር ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። ድሬዳዋ ያለ ሰው ቢጠይቀኝ በፍጹም አትግዛ እለዋለሁ። ነጩን ዓይነት ደግሞ እርድና በርበሬ ያቀልሙታል።

ስቲሉን የሚጎዳው ትልቁ ጠላት በረኪና ነው። በረኪና ሲንክ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር በየቤቱ ያለ ልማድ ነው። ክሎሪኑ 304ንም ቢሆን ይበሳዋል፣ ጥቃቅን ቡናማ ጉድጓድ ይተዋል፣ ከዚያ በኋላ መድኃኒት የለውም። ከተጠቀምሽ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብ። የብረት ሽቦም ራቂ።

ቅደም ተከተሉን አደራ። ሲንኩና ሚክሰሩ ቤት ከገቡ በኋላ ነው ካቢኔት የሚለካውና እብነ በረዱ የሚቆረጠው። ልኩን በስልክ አትንገሪው፣ ሲንኩን ራሱን ለቆራጩ አሳዪው። ከድንጋዩ ሥር የሚገባውን ዓይነት ከፈለግሽ ሲንኩ በሲሊኮን ብቻ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር፣ ከሥሩ ብረት ወይም እንጨት ደገፋ ይደረግለት። ውሃ የሞላ ሲንክ ከባድ ነው። ካውንተሩ የተጨመቀ እንጨት ከሆነ ግን ከላይ የሚቀመጠውን ብቻ።

ከሥር ያለው ሳይፎን፣ ማለትም የሲንኩ ቆሻሻ ውሃ የሚወርድበት ጠማማ ቱቦ፣ ርካሽ ነው ተብሎ ይናቃል፣ የኩሽና ሽታ ግን ከእሱ ነው። ያ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፈው የፕላስቲክ ቱቦ በየእጥፋቱ የወጥ ቅባትና የቡና አተላ ያጠራቅማል። ለስላሳ ፒቪሲ፣ ዩ ቅርጽ ያለው፣ በእጅ የሚፈታ ይሁን። የቀዳዳው ወንፊት የሚነሳ ሰፊ ቅርጫት ያለው ይሁን፤ የሊጥ እጥበትና አተላ የሚያግደው እሱ ነው። ካቢኔቱ ውስጥ ደግሞ ለሚክሰሩ ብቻ የሚዘጋ ቫልቭ አስገቢ። ካርትሪጅ ለመቀየር የሕንፃውን ውሃ መዝጋት የለብሽም።

ኩሽናሽ የሙቅ ውሃ መስመር ከሌለው ግድግዳው ሳይለሰን አሁኑኑ ቱቦውን አስቀብሪ፣ ቦይለሩ ሲመጣ ይምጣ።

ዋጋ አልጻፍኩም፤ ዛሬ የጻፍኩት በወሩ ውሸት ይሆናል። ሲያልቅ ሠራተኛው ሳይሄድ ሲንኩን እስከ ላይኛው ቀዳዳ ሙዪና በአንዴ ልቀቂው። ካቢኔቱ ውስጥ ደረቅ ሶፍት አንጥፊ፣ ነጠብጣብ ካለ ሶፍቱ ላይ ይታያል። ደረቅ ከሆነ ክፈዪው።