«የገና አባት ፊልም» ብለሽ ፖስተር እንዳትለጥፊ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «ታምፔሬ ላለን ሐበሾች የፊንላንድ ሆረር ፊልም ምሽት ላዘጋጅ ነው፤ የትኛውን ላሳይ? የኛ ሰው ይወደው ይሆን?» ብለሻል። ከኔ በፊት የመለሱልሽ ሁሉ «ሞክሪው፣ ደስ ይላል» ብለው አልፈዋል። እኔ ሄልሲንኪ ላይ ሦስት ጊዜ አዘጋጅቻለሁ። በመጀመሪያው ጉድ ሆኛለሁ፣ በሦስተኛው ወንበር አልበቃም። ስለ ፕሮጀክተርና ስለ አዳራሽ አልነግርሽም፤ እሱን ታውቂዋለሽ።

1ኛ፦ በ«ሬር ኤክስፖርትስ» እንዳትጀምሪ። በፈረንጆቹ 2010 የወጣ (ዓመቱን ሁሉ በነሱ ነው የምቆጥርልሽ)፣ ያልማሪ ሄላንደር የሠራው ፊልም ነው። ጥሩ ፊልም ነው፣ ችግሩ እሱ አይደለም። ችግሩ እኔ ነኝ። ጊዜው ታኅሣሥ ነበር። ፊልሙ የገና አባት አለበት፣ ያውም የላፕላንዱ፣ የሰሜን ፊንላንዱ፣ ከዚህ የተሻለ ምን ይመጣል ብዬ ፖስተር ሠራሁ። በረዶ፣ ቀይ ኮፍያ፣ ከሥሩ «የገና አባት ፊልም! ከነቤተሰብዎ ተጋብዘዋል፤ ቡናና ፈንዲሻ አለ»። ባለቤቴ «ለመሆኑ አይተኸዋል?» አለችኝ። «ግማሹን» አልኩ። ውሸቴን ነው፤ ያየሁት ማስታወቂያውን ነበር።

አርባ ሰው መጣ። አሥራ አራቱ ልጆች ናቸው። አንዱ ሕፃን ቀይ ኮፍያ አድርጎ ነው የመጣው።

እዚህ አገር የገና አባት ቤቱ ኮርቫቱንቱሪ የሚባል ተራራ ነው ይላሉ፣ ከሩሲያ ድንበር ላይ። በፊልሙ አንድ የውጭ ኩባንያ ያንን ተራራ ይቆፍራል። ከሥሩ የሚወጣው ግን ማስታወቂያ ላይ የምናውቀው ደስ የሚሉት ሽማግሌ አይደሉም። ኋላ ነው የገባኝ፤ ፊንላንዶች የገና አባትን «ዮሉፑኪ» ይሉታል፣ ሲፈታ የገና ፍየል ማለት ነው። ድሮ የፍየል ቀንድ ያለው ጭምብል ያጠለቁ ወንዶች በየቤቱ እየዞሩ ሰው ያስፈራሩ ነበር። ዳይሬክተሩ የቀሰቀሰው ያንን የጥንቱን ነው፤ ባለጌ ልጅ የሚቀጣውን።

በረዶው ላይ የተዘረገፈ የአጋዘን ሬሳ ሲታይ የመጀመሪያው ልጅ አለቀሰ። ባለቀዩ ኮፍያ ነው። እናቱ ብድግ አለች። ሌሎቹ ግን «አሁን የገና አባት ይመጣል» እያሉ ልጆቻቸውን ያባብላሉ። እኔ ከኋላ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ከዚያ መጡልሽ፤ ጺማቸው የተንዠረገገ፣ ራቁታቸውን የሆኑ በመቶ የሚቆጠሩ ሽማግሌዎች በበረዶው ላይ ሲሮጡ! ፊት ለፊት የተቀመጡት ከቤተክርስቲያን በቀጥታ የመጡ እናቶች ናቸው። አንዷ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ሌላዋ ግን ዓይናቸውን ሳይነቅሉ «በዚህ ብርድ ልብስ የላቸውም እንዴ?» አሉ።

ጥግ ላይ ሦስት ፊንላንዳውያን የሥራ ባልደረቦቼ ነበሩ። እነሱ በሳቅ ሊሞቱ ነው። ለነሱ ኮሜዲ ነው። አንድ ፊት ሳይፈታ የሚቀለድ ቀልድ አላቸው፤ እኛ የምንደነግጥበት ቦታ ነው እነሱ የሚስቁት።

2ኛ፦ ፈቃድ። ዲቪዲውን በገንዘቤ ገዝቻለሁ፣ የኔ ነው፣ ያልኩበት ነው የከሰርኩበት። ቤትሽ ለቤተሰብሽ ማሳየት ሌላ፣ ፖስተር ለጥፎ ለሕዝብ ማሳየት ሌላ ነው። ለሁለተኛው የማሳያ ፈቃድ ይከፈልበታል፣ መግቢያው በነፃ ቢሆንም። ማን እንደነገረብኝ እስከዛሬ አላውቅም (እጠረጥራለሁ፣ ተዪው)። ብቻ ከአንድ ፈቃድ ሰጪ ቢሮ ኢሜይል መጣ። አንድ ገጽ ሙሉ ጽፌ አስረዳሁ፤ ማኅበራችን ትርፍ የለውም፣ ልጆች ናቸው፣ ገና ነው። መልሱ ሁለት መስመርና የክፍያ መጠየቂያ። በአካል ሄድኩ። ሴትዮዋ ቀና ሳትል «ቀጠሮ አለህ?» አለች። «የለኝም፣ ግን...» ስል መስኮቱን ዘጋችው። መስታወት ስለሆነ ከዘጋችውም በኋላ እንተያያለን። ቆሜ አየኋት፣ እሷ ቡናዋን ጠጣች። የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ደግሞ «ማኅበሩ አላዘዘህም» ብሎ ከኪሴ አስከፈለኝ። ለዚያ ሁሉ ሰው ፈንዲሻውን ያፈነዳችው ባለቤቴ ናት፤ አንድ ሰው አላመሰገናትም።

ስለዚህ መጀመሪያ ፈቃዱን ጨርሺ፣ በጽሑፍም ያዢው። የዕድሜ ቁጥሩንም እዪ። ፖስተሩ ጥግ ላይ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 ይላል፤ እዚህ አገር ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። ከአዋቂ ጋር ከሆነ ሦስት ዓመት ይቀነሳል፤ 16 የሚለውን የ13 ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር ያያል። 18 የሚለውን ግን ከአባቱም ጋር ቢመጣ አይገባም።

3ኛ፦ ምን ላሳይ ላልሽው፣ «ነጯ አጋዘን»ን አሳዪ። በፊንላንድኛ «ቫልኮይነን ፔውራ»። በ1952 የተሠራ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ከአንድ ሰዓት ብዙ የማይበልጥ። ዳይሬክተሩ ኤሪክ ብሎምበርግ ነው፣ ካሜራውንም የያዘው እሱ ነው። ዋናዋ ተዋናይ ሚርያሚ ኩኦስማኔን ሚስቱ ናት፤ ታሪኩንም አብረው ነው የጻፉት። በ1953 ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ተሸልሟል። ይሄን ለመግቢያ ንግግርሽ ያዢው፣ ግን አታስረዝሚ። እኔ አስረዝሜ ቡናው ቀዘቀዘ።

እኔ ራሴ በሁለተኛው ምሽት ስከፍተው ተስፋ አልነበረኝም። የድሮ ፊልም ነው፣ ወጣቶቹ ስልካቸውን ያወጣሉ አልኩ። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ላፕላንድ ውስጥ ፒሪታ የምትባል አዲስ ሙሽራ አለች። ባሏ አጋዘን ጠባቂ ነው፣ ቤት አይገኝም። ብቸኝነቱ ሲበዛባት ጠንቋይ ዘንድ ሄዳ የፍቅር መድኃኒት ትለምናለች። ከዚያ ወዲያ ጨረቃ ስትወጣ ነጭ አጋዘን ትሆናለች። ሊያድኗት የሚከተሏትን ወንዶች ወደ ሸለቆ ወስዳ ትገድላቸዋለች።

እሱ ጋ ሲደርስ ከፊት ወንበር ድምፅ ተሰማ። «ቡዳ ናት!»

አዳራሹ ተነቃነቀ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው የነበሩት እናት ናቸው። ከዚያ በኋላ ሰብታይትል ማን ፈለገ? ፊልሙ ራሱ ንግግር አያበዛም። እናቶቹ ለወጣቶቹ እየተረጎሙ፣ «አየህ፣ ማታ ነው የሚለወጡት፣ የእኛ ጅብ ነው የሚሆኑት» እያሉ ጨረስነው። መንደርተኛው እሷን ለመግደል የብረት ጦር ሲቀጠቅጥ ደግሞ ክርክር ተነሳ። እኛ ጋ ቡዳ የሚባለው ብረት ቀጥቃጩ ነው፣ እዚህ ብረቱ ነው ገዳዩ። (ባለእጆቻችንን በዚህ ስም ስንበድል መኖራችንን አንድ ወጣት አነሳ፤ ልክ ነበር፣ ዝም ዝም ሆነ።) ባልየው አጋዘኗን ወግቶ ሚስቱ መሆኗን ሲያይ እናቶቹ አለቀሱ። ባለቤቴ እኔን አየችኝ፤ ማታ ማታ ሥራ ስለማበዛ ይሆናል።

ፊንላንዳዊ እንግዳ ከጋበዝሽ «የኛ ሆረር አለ እንዴ?» ቢልሽ አትገረሚ። ብዙ አልሠሩም፣ ብዙም አያዩትም። እነሱ ሲኒማ የሚሞሉት ለጦርነት ፊልምና ለኮሜዲ ነው። በ2017 የወጣው «ያልታወቀው ወታደር» አምስት ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ ባለበት አገር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ትኬት ሸጧል። ዝም ካሉም አልወደዱትም ማለት አይደለም። እኔ በ2022 «ፓሃንሃውቶያ» የሚባለውን ሆረራቸውን ሲኒማ ቤት ሳይ፣ እናትየዋ ሳሎን የገባውን ቁራ አንገቱን ስትጠመዝዘው «ኧረ በማርያም!» ብዬ ጮኽኩ። አንድ ሰው ዞሮ አላየኝም። ስንወጣ ግን አጠገቤ የነበረች አሮጊት ምንም ሳትናገር ያቺን ጥቁር ጨዋማ ከረሜላቸውን ሰጠችኝ። ከረሜላው ከፊልሙ ይብሳል።

ያንን ፊልም፣ የሃና ቤርግሆልምን፣ ለሦስተኛው ምሽት አስቀምጪው። ቲንያ የምትባል ልጅ ጂምናስቲክ ትሠራለች። እናቷ ፍጹም ቤተሰብ መስላ ለመታየት ቪዲዮ ትለቃለች። ልጅቷ ያገኘችውን እንቁላል ደብቃ ስታቅፈው እያደገ፣ እያደገ ይሄዳል። ከዚህ በላይ አልነግርሽም። የኛ ምሽት ላይ የእህቴ ልጅ መሐል ላይ «እማዬ፣ አንቺን ነው የምትመስለው!» አለቻት። ሳቁ ለአምስት ደቂቃ አልቆመም። እህቴ ግን ሳምንት ሙሉ አልደወለችልኝም።

«ሳውና» (2008) ከበድ ይላል፣ ይቆይሽ። የስዊድንና የሩሲያ ጦርነት ባበቃበት በ1595 ነው የሚሆነው፣ ቀስ ይላል፣ የኛ ሰው «መቼ ነው የሚያስፈራው?» ይልሻል። ፊንላንዶቹን የሚነካቸው ግን ሳውናው፣ የእንፋሎት መታጠቢያቸው፣ ነው። ድሮ የሚወልዱትም ሬሳ የሚያጥቡትም እዚያ ነበር። ጸበል ቦታ ላይ ሆረር ሲሠራ አስቢው። «ቦዶም» የሚለውን ፊልም ደግሞ ባልደረቦችሽ ፊት ለቀልድ አታንሺ። በ1960 እዚሁ ሄልሲንኪ አጠገብ ኤስፖ፣ ቦዶም ሐይቅ ዳር ድንኳን ውስጥ ካደሩ አራት ወጣቶች ሦስቱ ተገድለዋል፣ ገዳዩ እስከዛሬ አልታወቀም። አንዱ ባልደረባዬ ስሙን ስጠራ ወሬ ቀየረ።

ልጆችን ከፊልሙ በፊት ሌላ ክፍል አስገቢ፣ አንድ ሰው ይያዝልሽ። ፈንዲሻውም ሲረግጡት ይጮኻል፣ ዳቦ ቆሎ ይሻላል። ድምፅ ማጉያ ከሌለሽ የኔን ልላክልሽ፤ በባቡር ይደርሳል። ገመዱን ብቻ መልሺልኝ፣ ያለፈው የወሰደው ሰው አልመለሰም።