ገንዘብ ምርጫ ያሸንፋል ወይ? ስለ አሜሪካ ምርጫ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ብዙ ገንዘብ ያወጣ ያሸንፋል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

ለተወካዮች ምክር ቤት በሚደረገው ውድድር ብዙ ያወጣው በአብዛኛው ያሸንፋል፣ ልክ ነዎት። ግን የቱ የቱን እንዳመጣ እንይ። ለጋሾች ገንዘባቸውን የሚሰጡት ያሸንፋል ብለው ለሚያስቡት ሰው ነው። ድል ወደሚሸትበት ገንዘብ ይጎርፋል። ኢኮኖሚስቱ ስቲቨን ሌቪት በ1994 ባወጣው ጥናት፣ ሁለት ጊዜ የተገናኙትን ያንኑ ተፎካካሪዎች አነጻጸረ። ሰዎቹ ሳይቀየሩ ወጪው ሲቀየር ውጤቱ እምብዛም አልተነቃነቀም።

ብዙ አውጥቶ የተሸነፈ አለ?

ሞልቷል። ቢሊየነሩ ማይክል ብሉምበርግ በ2020 የዴሞክራቶች የፕሬዚዳንት እጩ ለመሆን ሲወዳደር ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ከኪሱ አውጥቷል። ብዙ ግዛቶች በአንድ ቀን እጩ በሚመርጡበት በሱፐር ቱዝደይ ያሸነፈው ግን ትንሿን የፓስፊክ ደሴት ግዛት አሜሪካን ሳሞአን ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ጄሚ ሃሪሰን በሳውዝ ካሮላይና ለሴኔት ተወዳድሮ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቢሰበስብም ወንበሩ ላይ በነበረው ሊንዚ ግራሃም ተሸንፏል።

ታዲያ ገንዘብ ከንቱ ነው ማለት ነው?

በፍጹም! ስሙን ማንም ለማያውቀው ተወዳዳሪ የመጀመሪያው ብር ወሳኝ ነው። ቢሮ፣ በራሪ ወረቀት፣ የሠራተኛ ደመወዝ ያስፈልገዋል። ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ግን ቀድሞም ይታወቃል፤ ተጨማሪ ሚሊዮን ብዙም አይጠቅመው። አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ ኮርቴዝ በ2018 ኒው ዮርክ ላይ በዴሞክራቶች የውስጥ ምርጫ የምክር ቤት አባሉን ጆ ክራውሊን ስታሸንፍ፣ እሱ ያወጣው ከእሷ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። የእሷ ጉልበት ቤት ለቤት የዞሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

የቴሌቪዥን ማስታወቂያስ ይሠራል?

ይሠራል፣ ግን ቶሎ ይተናል። በ2006 ቴክሳስ ውስጥ በአገረ ገዥው በሪክ ፔሪ የምርጫ ቅስቀሳ ላይ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ማስታወቂያው በተላለፈበት ሳምንት ድጋፉ ጨመረ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ጭማሪው ጠፋ።

ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። መዋጮ ብሰጥ ችግር አለው?

የለውም። የፌዴራል ሕጉ ቋሚ ነዋሪ መዋጮ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት ግን አይችሉም፤ ይህን አደራ እንዳይሳሳቱ፣ ለስደት ጉዳይዎ ትልቅ ጣጣ ያመጣል። ገንዘቡም የራስዎ ይሁን። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ የላከውን በስምዎ መስጠት ሕገወጥ ነው።

የእኔ 20 ዶላር ምን ይለውጣል?

ለፕሬዚዳንት ውድድር ከሆነ፣ እምብዛም። ለከተማ ምክር ቤት ወይም ለትምህርት ቦርድ የሚወዳደር የሰፈርሽ ሰው ካለ ግን በጊዜ ስጪው። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ካለሽ ደግሞ አብረሽው ዙሪ። አማርኛ የሚናገሩ ጎረቤቶች በር ላይ በአማርኛ የሚያናግራቸው ሰው ሲመጣ ቆመው ያዳምጣሉ።