መልስ፦ በስልክ ብንመርጥ ሰልፉ አይቀርም ወይ?

ወንድሜ፣ «ምርጫው በስልክ ቢሆን ከሰልፍ አንገላገልም ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። እንገላገል ይሆናል። እኔ ግን መጀመሪያ የወረቀቱን እናስተካክል ባይ ነኝ። ወረቀት ሲያጠራጥር እንደገና ይቆጠራል። ስልክ ላይ የጠፋ ድምፅ በምን ይቆጠራል? ደግሞ እኛ ደሴ መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም ተከትሎት ነው የሚሄደው።

የምርጫውን ቀን፣ ሰኔ 14 ቀን 2013ን አስታውስ። በአንዳንድ ጣቢያዎች የድምፅ መስጫ ወረቀት አጠረና ሰዓቱ እስከ ምሽቱ 3 ተራዘመ። ይሄ የማጓጓዝ ጉዳይ እንጂ የቴክኖሎጂ አይደለም። ወሩም ክረምት መግቢያ ነበር። የደሴውን የጦሳ ተራራ ብርድ የሚያውቅ፣ ሽማግሌ ሜዳ ላይ ማሰለፍ ምን እንደሆነ ይገባዋል።

ለእኔ ከሰልፉ የባሰው ምዝገባው ነው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ ልጅ አስብ። ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታለች። ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር መኖር አለባት። ኖራለች እንበል። የቀበሌ መታወቂያ ስትጠይቅ ግን «ከመጣሽበት መሸኛ አምጪ» ትባላለች። ለመሸኛው የሥራ ቀን ይቃጠላል፣ ደሞዝ ይቆረጣል። ትተወዋለች። ፋይዳ፣ ማለትም ዲጂታል መታወቂያውን፣ ብታወጣም ማንነቷን ነው የሚናገረው፤ ስድስት ወር እዚያ መኖሯን አይመሰክርላትም። እኔ ብሆን የምዝገባ ጠረጴዛውን ፈረቃ ሲቀየር ፓርኩ በር ላይ አወጣው ነበር። ለነዋሪነቷም የአከራይዋን ምስክርነት እቀበላለሁ።

ስልክህን ካነሳህ አይቀር፣ ቆጠራው ሲያልቅ ውጤቱ ምርጫ ጣቢያው ላይ ይለጠፋል። ሄደህ ፎቶ አንሳው።