በሬውን ከመሸጥህ በፊት ወረቀቱን ጨርስ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። እናትህ የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ ከቢቡኝ ወደ ባሕር ዳር ሊላኩ ነው። አንተም «ጥማዱን ሸጬ ላሳክማት ወይስ ሌላ መላ አለ?» ብለሃል። መላ አለ። እኔ የማቻከል ልጅ ነኝ። እናቴን በዚሁ በሽታ አሳክሜያለሁ፤ ዛሬ ደህና ናት። የምነግርህ ያለፍኩበትን ነው።

1. በሬዎቹን አሁን አትንካ። እኛ አገር ሰው ካንሰር ሲባል በማግስቱ ገበያ ይወጣል። የጨነቀው ሰው የሚሸጠውን በሬ ነጋዴው ያውቀዋል፤ ዋጋውን ይሰብርበታል። በሬ ከሌለ ደግሞ ማሳው ጦም ያድራል ወይ የእኩል ይሰጣል። ሕክምናው ግን ወራት ይፈጃል። እንደ ካንሰሩ ዓይነት ከዚያ በኋላ ለዓመታት በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ሊኖር ይችላል። ያለህን ሁሉ መጀመሪያ ላይ ካፈሰስከው መሃል ላይ ታቋርጣለህ። እንዲህ ያቋረጡ ሰዎች አውቃለሁ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

2. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን መታወቂያው የዘንድሮ እድሳት እንዳለው ዛሬውኑ አረጋግጥ። መድህኑ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. ሲሞከር ደቡብ አቸፈር ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዱ ነበር። እናትህ የሚታከሙት በዚሁ መታወቂያ ነው። መክፈል የማይችል ቤተሰብ በቀበሌው ተለይቶ ያለ መዋጮ የሚገባበት አሠራርም አለ። ሪፈሩን ደግሞ ከጤና ጣቢያ ጀምረህ በደረጃው አስጽፍ። «ዘመድ አለኝ» ብለህ ዘለህ ባሕር ዳር ብትገባ ካርዱ ላያገለግልህ ይችላል፤ ከኪስህ ልትከፍል ነው።

3. ደረሰኝ። እዚህ ላይ ጆሮህን ስጠኝ፤ እኛን ያቃጠለን ይሄ ነው። መድኃኒቱ ሆስፒታል ሲጠፋ ከውጭ ግዙ ይሉሃል። እኛም ገዛን። ብዙ ብር ነው፣ ዕድራችን ያበደረን። የግል ፋርማሲው ደረሰኙን በእኔ በገዢው ስም ቆረጠው። ብሩ ይመለስልን ብዬ የመድህን ቢሮ ሄድኩ። የሠራተኛውን ስም አልጠራም። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «በሽተኛው አንተ ነህ?» አለኝ። እናቴ ፀጉሯ ረግፎ፣ ነጠላዋን ተከናንባ አጠገቤ ቆማለች። «እሷ ናት» ስለው «እንግዲህ ደረሰኙ አይልም» ብሎ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ገፋልኝ። ወንበር እንኳ አልሰጣትም። ያን ቀን የተናደድኩትን ንዴት እስካሁን አልረሳውም።

ግን አልተውኩትም። ፋርማሲው ድረስ ተመልሼ ደረሰኙን በእሷ ስም አስቀየርኩ። የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ማዘዣው ላይ «የለም» ብሎ ማኅተም እንዲመታልኝ አደረግሁ። ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። ሙሉውን ባይሆንም ከፈሉን። ገበሬ ወረቀት አያውቅም ብለው የሚንቁ ሰዎች ፊት ወረቀቱን አሟልቼ በመቆሜ ዛሬም ደስ ይለኛል። ስለዚህ አንተ ከመግዛትህ በፊት ማኅተሙን አስመታ፤ ደረሰኙ በእናትህ ሙሉ ስም ይቆረጥ፤ ሁሉንም ኮፒ አድርግ። ናሙና ከተወሰደም ስላይዱንና ብሎኩን፣ ማለትም ናሙናው ያለበትን መስታወትና ሰም፣ ጠይቀህ ያዝ። ሌላ ሆስፒታል ሲሄዱ ያለዚያ እንደ አዲስ መርምሩ ሊሉህ ይችላሉ።

ደግሞ ሰው የማያስበው ወጪ አለ። እኛን ከመድኃኒቱ ይልቅ ያራቆተን የመኪና፣ የአልጋና የምግብ ነው። ኬሞ፣ ማለትም የካንሰሩ መድኃኒት፣ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ይሰጣል፤ ብዙውን ጊዜ በየ21 ቀኑ ነው። ከመስጠታቸው በፊት ደም ያያሉ። ነጩ የደም ሴል ከወረደ «ሳምንት ተመለሱ» ይባላል፤ የመጣህበት ትራንስፖርት ከንቱ ቀረ ማለት ነው። ሐኪሙን ጠይቀው፤ ከፈቀደ ደሙን ቀደም ብለህ ሞጣ አስመርምረህ ውጤቱን ይዘህ ሂድ። እኛ ደብረ ማርቆስ እያሠራን ስንሄድ ነው እፎይ ያልነው። መንገድ ሊዘጋ ይችላል ከተባለም ቀደም ብለህ ግባ።

ጨረር ካዘዙላቸው ሌላ ጣጣ ነው። እኛን የላኩን አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ነው። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ጨረር የነበረው እዚያ ብቻ ስለነበር ወረፋው ከባድ ነው። አልጋ ተከራይተህ አትጠብቅ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ አቅም ለሌላቸው ታካሚዎች ማረፊያ አለው። ሪፈሩንና የቀበሌ ደብዳቤ ይዘህ ጠይቅ፤ ቦታ እስኪገኝም ስልክ እየደወልክ አጥብቀህ ተከታተል። ሰው ነግሮን ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ የአልጋ ኪራይ ባልከፈልን ነበር።

ጠበሉን እናትህ ከፈለጉ አትከልክላቸው፤ ቀጠሮው ግን አይለፍ። እርሻው ቢያሳስብህ ሰፈሩን ደቦ ጥራ። የእኛን ጤፍ ጎረቤት ነው የዘራልን፤ ማንም አላጉረመረመም።

አሁን መታወቂያው መታደሱንና ሪፈሩን ማን እንደጻፈላችሁ እዚሁ ጻፍልኝ። ማታ አይቼ እመልስልሃለሁ።